ይድረስ ለኪው፣ ባለሽበት

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሰፈሬ የሰባተኛም ሰው ደህና ነው፤ ጋሪው፣ ኩሊው፣ «ዞር በል!» ባዩ ሁሉ እንዳለ ነው። ደብዳቤ በዚህ ካልተጀመረ ደብዳቤ አይባልም ተብለን ነው ያደግነው። ያም ሆኖ የአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጤና መጠየቄ ለጎረቤቶቼ ሳይነገር ቢቀር እመርጣለሁ። «አንቺ» ያልኩሽም አስቤበት ነው። ንግሥት በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ከፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ፤ ንጉሡን የወሰደው ኬ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው። ምስጋና በሥራ ብዛት ቢሆን ኖሮ ለ«ኢ» ነበር የሚገባው፤ እሷ የሌለችበት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማግኘት ጭንቅ ነው። አንቺ ግን ትምህርት ቤት ሳለን ስምሽ የሚነሳው ፊደል ስንቆጥር ብቻ ነበር። ከፒ በኋላ ትጠሪያለሽ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ ማንም አይፈልግሽም። ምሳሌሽም ሁልጊዜ ያቺው ንግሥት ነበረች፤ ያውም ዘውድ ከወረደ በኋላ ለተማርን ልጆች። መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ዘውድ የደፋች ሴት ይሥልና ሥዕሉን ቶሎ ብሎ ያጠፋ ነበር።

በደንብ የተዋወቅነው በስክራብል ነው። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ጨዋታውን የማያውቅ ሰውም ያነበዋልና፣ አንቺ የምታውቂውን ብደግም አትቀየሚኝ። 15 በ15 በሆነ ሰሌዳ ላይ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየደረደሩ አግድምና ቁልቁል ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ከረጢቱ 100 ጠጠር ይይዛል። ሁለቱ ምንም አልተጻፈባቸውም፤ እንደ ጆከር በፈለጉት ፊደል ምትክ ይገባሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ሰባት ጠጠር ይዞ ይጫወታል፤ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ያወረደ 50 ነጥብ ይመረቅለታል። ሰባተኛ የሚባል ሰፈር ተቀምጦ በሰባት ጠጠር መጫወት እንዴት እንደሚያስቅ የሚያውቀው የሰፈራችን ሰው ነው። በየጨዋታው «የሰባተኛ ሰው ሰባቱን ማውረድ አያቅተውም» የሚል አይጠፋም፤ በየጨዋታውም ያቅተናል።

የጨዋታው ፈጣሪ አልፍሬድ ሞሸር በትስ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በነበረው የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጥር ጀመር። ከቆጠራው ተነስቶ ለ«ኢ» 12 ጠጠር መደበላት፤ ዋጋዋን ግን አንድ ነጥብ አደረገው። ለኤና ለአይ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰጣቸው። ለአንቺ የደረሰሽ አንድ ጠጠር ብቻ ነው፤ ዋጋሽ ግን 10 ሆነ። ይህን ክብር የሚጋራሽ ዜድ ብቻ ነው። ስክራብል የሚለው ስም የወጣለት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ያወጣለትም ጄምስ ብሩኖት የሚባል ሌላ ሰው ነው። የበትስን ስሌት በርበሬ ተራ ወይም ቦምብ ተራ ላለ ነጋዴ ብነግረው የሚደነቅ አይመስለኝም። ከገበያ የጠፋ ዕቃ ይወደዳል፤ መርካቶ ይህን የሚያውቀው ጋዜጣ ሳይቆጥር ነው።

ነገር ግን ውድ ዕቃ ገዢ ካጣ ዕዳ ነው። አንቺም እንደዚያው ነሽ። ጨዋታው ሲያልቅ እጁ ላይ የቀረሽበት ሰው 10 ነጥብ ይቀነስበታል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ያለ ዩ ወጥተሽ አታውቂም ተብሎ ስለሚታመን፣ አንቺን የያዘ ሁሉ ዩን ፍለጋ ይንከራተታል፤ ዩ ደግሞ በከረጢቱ ውስጥ አራት ብቻ ናት።

የእኛ ዕቃ ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ ነው። የሸጠልን ልጅ ሙሉ ነው ብሎ ማለ። ቤት ወስደን ስንቆጥረው ሦስት ዩ ጎደለ። ከ26 ፊደል መርጦ ዩን ብቻ የወሰደው ሰው ምን ሊሠራባት እንደነበር እስካሁን አልገባኝም። አንቺ ግን ሳትቆጪ አንድ የቀረችው ዩ አጠገብ ከረጢቱ ውስጥ ነበርሽ፤ ጥግሽ ትንሽ ተላጥ ብሏል እንጂ ደህና ነበርሽ። ያንን ልጅ በወቅቱ ረግሜዋለሁ፤ አሁን ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ። አራቱ ዩዎች ሙሉ ቢሆኑ ኖሮ አንቺን እንደ ማንኛውም ሰው በንግሥትና በጥያቄ ስንጨርስሽ እንኖር ነበር። ስለጎደሉ ግን አንቺ ብቻሽን የምትቆሚበትን ቃል መፈለግ ግድ ሆነብን።

የምንጫወተው እሑድ ከሰዓት ነው፤ ገበያው ጋብ ሲል፣ የሱቆች መዝጊያ ሲወርድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ። ነጥብ የምትይዝልን የሻይ ቤቱ ባለቤት ናት፤ እትዬ እንላታለን። በወረቀት አትደምርም፤ በቃሏ ነው፤ ተሳስታም አታውቅም። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አለ፤ የእንግሊዝኛው ሊቅ እሱ ነው። ጎረቤቴ ሐጂም አሉ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨርቃ ጨርቅ የነገዱ። ሐጂ መጀመሪያ የሚመጡት ሻይ ሊጠጡና በእኛ ሊስቁ ነበር። እንግሊዝኛ አላውቅም ይላሉ፤ ቁርኣን የቀሩት ግን በልጅነታቸው ነው፤ ዓረብኛውን ደግሞ ከየመን ነጋዴዎች ጋር ሲሠሩ አደርጅተውታል።

አንድ እሑድ ሰው ጎደለና ተቀመጡ። ገና ጨዋታው ሳይሞቅ አንቺ እሳቸው እጅ ገባሽ። ያቺ ብቸኛ ዩ ሰሌዳው ላይ ወርዳ ነበር። ሐጂ ትንሽ አሰቡና ከላይዋ ኤስን፣ ከሥርዋ አንቺን አኖሩ። ኤስ፣ ዩ፣ ኪው። ተማሪው በአክብሮት፣ ግን ፈገግታውን መደበቅ ሳይችል፣ «ሐጂ፣ ይሄ እኮ አማርኛ ነው» አላቸው። እሳቸውም «አማርኛም አይደለም፤ ዓረብኛ ነው፤ ግን እስቲ እየው» አሉት። ስልኩን አውጥቶ መዝገበ ቃላቱን ከፈተ። ሱቅ ነበረች። በዓረብ አገር ያለ ገበያ የሚል ትርጉም ተሰጥቷት፣ በአንቺው ተጽፋ፣ በሙሉ መብት እንግሊዝኛ ሆና ተቀምጣለች። እትዬ 12 ነጥብ አለች። ሐጂ በዋጋ መከራከር የለመዱ ሰው ናቸውና «12 ብቻ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሐጂ ቃል ይጠራሉ፤ ተማሪው ይፈልጋል። ቃዲ ሲሉ ተገኘ፤ ኪው፣ ኤ፣ ዲ፣ አይ፣ 14 ነጥብ። ፈቂር ሲሉ ተገኘ፤ 17። ኒቃብ 16። ለመስጊድ ወይም ለድሃ ተብሎ የተሰጠ ንብረት የሚጠራበት ወቅፍ 19፤ የሃይማኖቱን ሕግ ትምህርት የሚመለከተው ፊቅህም እንዲሁ 19። ፍቺን የሚመለከተው ጠላቅ አለ፤ ድሮ የመን ውስጥ 40 ሆና አንድ ሪያል የምትሞላው ቡቅሻ የምትባል ሳንቲም እንኳ አለች። በዓለም አቀፍ ውድድር በሚሠራበት የኮሊንስ የቃላት መዝገብ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ገብተዋል፤ አንዳቸውም ውስጥ አንቺ ዩን አስከትለሽ አልቆምሽም። ለንደንና ቶሮንቶ ያለው ተጫዋች እነዚህን ቃላት ትርጉማቸውን ሳያውቅ በዝርዝር ይሸመድዳቸዋል። ከሰባተኛ ተነስቶ አንዋር መስጊድ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ግማሾቹን መንገድ ላይ ይሰማቸዋል። የመጀመሪያዋንማ ለመስማት መሄድም አያስፈልግም፤ ሱቅ በደረቴው ራሱ ይዟት ወደ ሰው ይመጣል።

ስለ ጫትም ሳልነግርሽ አላልፍም፤ በጨዋታው ውስጥ ስምሽን ያስጠራልሽ እሱ ነውና። እንግሊዝኛ ጫትን በሦስት ዓይነት ይጽፈዋል፤ በኬና በኤች፣ በኬ ብቻ፣ ወይም በአንቺ። በአንቺ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ነው፤ 12 ነጥብ ያወጣል፤ አንቺን ከእጁ ማውጣት ያቃተው ሰው መድኃኒት ነው። ተማሪው አንድ ጊዜ በእኛው አጠራር ሲ፣ ኤች፣ ኤ፣ ቲ ብሎ ጻፈውና አለፈለት፤ እንግሊዝኛው ግን ጨዋታና ወሬ ማለት ነው። ሐጂ ይህ ሲነገራቸው ልዩነቱ ብዙም አልታያቸውም።

አሁን ወደ ምስጋናው ልግባ። እኛ በእንግሊዝኛ ያላፈርን ሰዎች አይደለንም። በዚህ አገር ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። መልሱን እያወቀ አፉ የሚያያዝበት ብዙ ነው፤ አንደኛው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ለብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ማለት የሌላ ሰው ግቢ ነው፤ ስንገባ እናንኳኳለን፤ ስንናገር ይቅርታ እንጠይቃለን። አንቺ ያን ግቢ በጓሮ በር በኩል አሳየሽኝ። ጓሮው ውስጥ ከየትም የመጣ ዕቃ ተከምሯል፤ ከየመን፣ ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከአልባኒያ። ባለቤቱ ራሱ የቱን መቼ እንዳስገባ ረስቶታል። ሐጂ በዚያ ክምር ውስጥ የራሳቸውን ሱቅ አገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ ሲቀመጡ ሌላ ሰው ናቸው። ስህተት ሲሠሩ እንኳ አያፍሩም፤ መዝገቡ ነው እንጂ የዘገየው እኔ አልተሳሳትኩም ይላሉ። አንዳንዴም እውነታቸውን ነው።

ያለ ዩ መኖር ለምን ብርቅ እንደሆነብሽ ለማወቅ ታሪክሽን ተከታትያለሁ፤ በሰው ፊት ሳነሳው እንዳትቀየሚኝ። ከፊንቄያውያን ስትወጪ ቆፍ ነበርሽ፤ ዩ የሚባል ጥገኛ አልነበረብሽም፤ ድምፅሽም ከጉሮሮ የሚወጣ የራስሽ ድምፅ ነበር። ግሪኮች ተቀበሉሽ፤ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ በቋንቋቸው ስላልነበረ ውሎ አድሮ ከፊደል ተራ አስወጡሽና 90 ቁጥርን እንድታመለክቺ ብቻ አስቀሩሽ። ኢትሩስካውያን አንዱን የ«ክ» ድምፅ ለሦስት ፊደል አከፋፈሉት፤ ሲ ከእነ ኢና አይ ፊት፣ ኬ ከኤ ፊት፣ አንቺ ከዩ ፊት። ሮማውያን ሲወርሱሽ ያንኑ ወረሱ፤ ከዩ ጋር ያለሽን ጋብቻ ያጸኑት እነሱ ናቸው። እንግሊዞች መጀመሪያ ንግሥትን ሲጽፉ አንቺ አታስፈልጊያቸውም ነበር፤ በሲና በደብልዩ ድምፅ ይጽፏት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የመጡት ጸሐፍት ናቸው አጻጻፉን ለውጠው አንቺንና ዩን ያስገቡት። አንድ ሺህ ዓመት ያህል የቆየ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ወደ እኛ የመጣው ዘመድሽ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ከአንቺ ጋር ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የተቀዳው የደቡብ ዓረብ ፊደል ባሕር ተሻግሮ አክሱም ሲደርስ ቃፍ ተባለ፤ ዛሬ ቀ የምንለው ነው። አንቺን በትልቁ ጽፌ፣ «ቀ»ን ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ አይቻችኋለሁ። ሁለታችሁም ክብ ናችሁ፤ ሁለታችሁም በትር አላችሁ። የእሱ በትር በመሐል ያልፋል፤ የአንቺ ተንሸራቶ ወደ ጎን ወጥቷል፤ ሌላ ልዩነት የለም። ቤተሰብ ነው የምንለው እንዲህ ያለውን አይደል? የሚገርመው ደግሞ አንቺ ራስሽ በሌላ በርም ገብተሻል። የግእዝ ቁጥሮች የተወሰዱት ከግሪክ የፊደል ቁጥሮች ስለሆነ፣ በየብራናው 90 ተብሎ የሚጻፈው ፺ የመጣው ከዚያው ግሪኮች ከፊደልነት ካባረሩት ቆፍሽ ነው። ስለዚህ በቤታችን ሁለት ጊዜ አለሽ፤ አንዴ እንደ ፊደል፣ አንዴ እንደ ቁጥር። እንግሊዝኛን የተማርን ጊዜ ይህን የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ እንደ እንግዳ ባላየንሽ።

ዩም ብትሆን እዚህ ብትመጣ ትቸገር ነበር። አንቺና እሷ ተባብራችሁ የምታወጡትን ድምፅ የግእዝ ሊቃውንት ለብቻው ፊደል ቀርጸውለታል፤ ቈ፣ ቋ፣ ቌ። ቋንቋ የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለቴ ይዞታል። ሁለት ፊደል አጋብቶ አንድ ድምፅ ማውጣት ለእኛ ብክነት ነው። በሌላ በኩል ስክራብልን በእኛ ፊደል እንሥራው የሚል ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ግን 33 ሆሄ በሰባት ሲባዛ 231 መሆኑን ሲያስብ ከረጢቱን ምን ያህል ሊያሰፋው እንደሚችል እጠይቀዋለሁ። ዝምታው ረጅም ይሆናል።

ዛሬ ደግሞ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያለሽበትን ሥራ ማን ይቆጥራል? በላቲን ቁልፍ አማርኛ ለመጻፍ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት ሥርዓት፣ ከዚያም ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ በድምፅ የሚሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች፣ «ቀ»ን ለአንቺ ሰጥተውታል። ቅቤ ለመጻፍ አንቺን እንጫናለን፤ ቆሎ ለመጻፍ፣ ቀጠሮ ለመያዝ፣ ቅዳሜ ለማለት አንቺን እንጫናለን። ኦሮምኛም ቁቤን ሲይዝ ያንኑ ድምፅ ለአንቺ ነው የሰጠው፤ በዚህ ሰፈር ስንት የሱቅ ታፔላ ላይ ያለ ዩ ቀና ብለሽ እንደቆምሽ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር። ከእንግሊዝ ይልቅ እዚህ ብዙ ሥራ አለሽ ብል ማጋነን አይመስለኝም። የቁልፍ ሰሌዳው ራሱ በአንቺ ነው የሚጀምረው፤ ከላይ ከግራ ጫፍ አንቺ፣ ከዚያ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ። ያ ስድስት ፊደል እንዳለ ተነስቶ በመዝገቡ ውስጥ ቃል ሆኗል፤ እዚያም ያለ ዩ ነሽ።

አንቺን ስንፈልግ ሌላም ብዙ ነገር አገኘን። እንጀራ በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ጄ ስላለበት 13 ያወጣል። ጤፍ አለ። ንጉሥ በእኛው አጠራር አለ፤ ራስም አለ፤ ማዕረግ ስለሆነ፤ ሲኒማ ራስ አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ቃል ለማግኘት መዝገብ አያስፈልገውም። አቡነ አለ፤ የሰሜን ተራሮቹ ጭላዳም አለ። ብር አለ፤ የእሱ ነገር ግን ለብቻው ይታይ። ተማሪው ብርን ለማብዛት መጨረሻው ላይ ኤስ ሊጨምር ሲል ሐጂ እጁን ያዙትና «ብሮች አይባልም እንዴ?» አሉት። ቀልድ መስሎን ፈለግነው። አለ! ቢ፣ አይ፣ አር፣ አር፣ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች። በኤስ ብታበዛውም ይፈቀዳል፤ ግን እንግሊዝኛ ከብራችን ጋር የማብዣ ቅጥያችንንም ጠቅልሎ ወስዶታል። ስምንት ፊደል ስለሆነ ከሰሌዳው ላይ አንዱን ተውሶ ሰባቱንም ጠጠር ማውረድ ይቻላል፤ 50ውም ይመረቃል። ይህን ያደረገ ሰው ሰባተኛ ላይ እስካሁን አልተገኘም፤ የሚያስበው ግን ብዙ ነው። ጂ፣ ኢ፣ ኢ፣ ዜድም ይፈቀዳል። ግእዝ መስሎሽ እንዳትኮሪ፤ ፈረንጅ ሲገረም የሚያወጣት ቃል ናት። የሰው፣ የቦታና የቋንቋ ስም በጨዋታው ስለማይገባ የእኛ ግእዝ የገባው በሰው ቃል ተመሳስሎ ነው።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር እንዳይምታታ እፈልጋለሁ። ልጆቻቸው እንግሊዝኛ እንዲችሉ ብለው ስክራብል የሚገዙ ወላጆች አሉ፤ የቃላት ዝርዝር እንደ መድኃኒት ጠዋትና ማታ የሚያስሸመድዱም አሉ። እኔ በዚህ አላምንም። የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ ሳይናገር እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል፤ መዝገበ ቃላቱን በሳምንታት ውስጥ በቃሉ ይዞ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ስፔን ሄዶ የስፓንኛውን ደገመው። ቃል ማወቅና ቋንቋ መናገር የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሰው አይገኝም። ወቅፍና ቡቅሻን ያወቀ ልጅ የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ መጻፍ አይችልም ይሆናል። አንቺን የማመሰግንሽ ስላስተማርሽን አይደለም፤ ስላስደፈርሽን ነው። ተማሪው ድሮ ክፍል ውስጥ መምህሩ ይህ ቃል የለም ካሉት ይቀበል ነበር። አሁን «እስቲ እንየው» ይላል። ይህችን ልማድ ከሐጂ ነው የወሰዳት።

ደፋርነቱ የት ሊያደርስ እንደሚችል ደግሞ ናይጄሪያውያን አሳይተዋል። የከተማችን ቀላል ባቡር በሰባተኛ ማለፍ በጀመረበት በ2008 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ፣ ዌሊንግተን ጂገሬ የሚባል ናይጄሪያዊ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ የእንግሊዝኛውን የዓለም ሻምፒዮና ወሰደ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። በፍጻሜው እንግሊዛዊውን ሉዊስ ማካይን አራት ለዜሮ ነው ያሸነፈው። ናይጄሪያውያኑ ሌላው ሰባት ስምንት ፊደል ያለው ቃል ሲያድን፣ እነሱ አጠር ያለውን፣ በተለይ ባለ አምስት ፊደሉን፣ መርጠው ሰሌዳውን በመዝጋት ይታወቃሉ። ይህን ለእትዬ ስነግራት ምንም አልደነቃትም። ትልቁን ትርፍ የሚጠብቅ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል፤ በትንሽ ትርፍ ቶሎ ቶሎ የሚያዞር ነው የሚቆየው አለችኝ። ባለቤትነቱ የእሷ የሆነ ሐሳብ ነው፤ እኔ ጸሐፊው ነኝ።

አንድ ቅሬታ ባልነግርሽ ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን፣ ሆን ብለሽ የምትመጪው ወደ እኔ ነው። እጄ ላይ አንቺ፣ ቪ፣ ሌላ ቪ፣ ሲ እና አንዲት ብቸኛ ኦ ይዤ ሐጂ ፈገግ ብለው ሻያቸውን ሲያማስሉ ምን እንደሚሰማኝ ማወቅ አለብሽ። ቢያንስ አይን ይዘሽ ነይ። ኪውና አይ ሁለት ፊደል ብቻ ሆነው ቻይናውያን የሕይወት ኃይል ለሚሉት ነገር ስም ይሆናሉ፤ 11 ነጥብ አወጣና በሰላም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አሜሪካኖች ይህን ቃል በመዝገባቸው የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን መብትሽ ነውና ተጠቀሚበት።

ተማሪው የጎደሉትን ሦስት ዩዎች ሳጥን ተራ ወስደን ከእንጨት እናስቀርጽ ብሎ ሐሳብ አቅርቧል። ሐጂ ተቃውመዋል፤ እትዬ ወጪውን ማን ይችላል ብላለች፤ እኔ ድምፄን አልሰጠሁም። ሚያዝያ ላይ ፈተና ስለሚደርስበት እሱ ለጥቂት እሑድ ይቀርብናል፤ የሐጂ የወንድም ልጅ በእሱ ቦታ ልጫወት ብላለች፤ ዓረብኛዋ ከሐጂም ይሻላል ይባላል፤ ስለዚህ ብዙ ሥራ ይጠብቅሽ ይሆናል።

ለዜድ፣ ለኤክስና ለጄ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ጄን እንጀራችንን ስላስከበረችልን በተለይ አመስግኚልኝ። ዜድን ግን ያለፈው እሑድ ሰሌዳው ሥር ወድቆ ስለተገኘ ሊጠነቀቅ ይገባል በይው፤ የሻይ ቤቱ ወለል በየማታው ይጠረጋል።

አክባሪሽ
ከሰባተኛ፣ አዲስ ከተማ